ጅማ ላይ የሚካሄደው የነገው የሞተር ውድድር ዙር ርዝመት ስንት ነው? መለኪያችን ተበላሸ፣ ድረሱልን

ባለ ዙሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል መንገዱ ይዘጋል፣ የዙሩን ርዝመት ግን እስካሁን አላወቅንም። ዙሪያው 1 ሜትር የሆነው የሚገፋ የመለኪያ ጎማ ጠዋት 3,874 ሜትር ቆጠረ። ከዝናቡ በኋላ ስንደግመው 3,790 አለ። ሦስተኛው ላይ አዌቱ ድልድይ ጋ ስንደርስ 2,316 ላይ ቆመ፤ ጎማው ይዞራል፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። የሦስት ሞተሮች ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 4.0፣ 4.1 እና 4.2 ብሏል። ስልክ 3.96። ውድድሩ 50 ኪ.ሜ. መሙላት አለበት። 12 ዙር ነው 13? የቱን እንመን?

ስልክ ይበቃል፦
የሩጫ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫንና አንዴ ዙር። አለቀ።

ሰዓት ያዥ፦
ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ለዋዜማ የሚተው አልነበረም። ርዝመቱ የሚያስፈልገው ለዙር ቁጥር ብቻ አይደለም፤ አማካይ ፍጥነት የሚወጣው ርዝመትን በሰዓት በማካፈል ነው። በአይል ኦፍ ማን ደሴት የሚካሄደው የታወቀው የሞተር ውድድር ተራራማ ዙር 60.72 ኪ.ሜ. ነው። በ2023 ጋላቢው ፒተር ሂክማን በ16 ደቂቃ ከ36.115 ሰከንድ ዞረው፣ በሰዓት 219.45 ኪ.ሜ. ማለት ነው። ሰዓቱ እስከ ሺኛ ሰከንድ ተይዞ ርዝመቱ 1 በመቶ ቢሳሳት ኖሮ ፍጥነቱ ከ2 ኪ.ሜ. በላይ ይዛነፍ ነበር። እናንተ ጋ በ3,874 እና በ3,790 መካከል 2.2 በመቶ ልዩነት አለ። በ90 የሚሄድ ልጅ ላይ 2 ኪ.ሜ. በሰዓት ትጨምሩለታላችሁ ወይም ትወስዱበታላችሁ።

ጎሚስታ፦
3,790ውን እርሱት። ጭቃ ነው። ዙሪያው 1 ሜትር የሆነ ጎማ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ 159 ሚሊ ሜትር ነው። የጅማ ቀይ ጭቃ 3 ሚሊ ተኩል ከተለጠፈበት ዙሪያው 1 ሜትር ከ2.2 ሳንቲ ይሆናል፣ ጎማው ትንሽ ዞሮ ብዙ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ያሳንሳል። ያጣችሁት 84 ሜትር ልክ ይሄው ነው። ጠዋት በደረቅ አስፋልት የመጣው ይሻላል።

የቆመውን ቆጣሪ በተመለከተ፣ መጀመሪያ ዜሮ መመለሻ ቁልፏን እዩ። ጭቃ ገብቶባት ተጭና ከቀረች ቁጥሮቹ ከማርሹ ተላቀው ይቆማሉ። በውኃና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። እሷ ደህና ከሆነች ከጎማው ወደ ቆጣሪው የሚሄደው ቺንጋ ረጥቦ እየተንሸራተተ ነው። አድርቁት፣ ግን ዘይት እንዳትቀቡት።

የሞተሮቹ አለመስማማት አይግረምህ። ቀጭኑን 2.75-18 ጎማ አውልቆ ወፍራሙን 3.00-18 የገጠመ ሰው ቆጣሪው ወደ 2 በመቶ ያሳንስበታል። ጥርሱ 4 ሚሊ ያለቀ ጎማ ደግሞ ከ1 በመቶ በላይ ያስረዝማል።

የሒሳብ መምህርት፦
ስለ ዙር ቁጥሩ አትጨነቁ። 50 ኪ.ሜ. በ13 ዙር የሚሞላው አንዱ ዙር ቢያንስ 3,846.2 ሜትር ሲሆን ነው፤ በ12 እንዲሞላ 4,166.7 ያስፈልጋል። 3,874፣ 3.96፣ 4.0፣ 4.1 ሁሉም 13 ይሰጣሉ። 12 የሚለው ባለ 4.2ው ሞተር ብቻ ነው፣ 14 የሚለው ደግሞ ጭቃ የነካው መለኪያ። 13 ብላችሁ አሳውቁ፣ ነዳጃቸውንም በዚያ ይሙሉ። ግን 3,874 ከ3,846 የሚርቀው 28 ሜትር ብቻ ስለሆነ ማረጋገጡ አይቅር።

ቀያሽ፦
አንድ ነገር ሳትስማሙ ለክታችኋል፤ በየትኛው መስመር ነው የሄዳችሁት? በእግር ሩጫ የሚለካው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ርቆ፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭር መንገድ ነው። በሞተር ውድድር የዙር ርዝመት የመንገዱ መሃል መስመር ነው፤ ጋላቢው ኩርባ ላይ የሚቆርጠው መስመር አይቆጠርም። ተዘግቶ በሚገጥም ዙር ላይ የሚመጣው ልዩነት ቀላል ሒሳብ አለው፦ ከመሃል የራቃችሁበት ሜትር ሲባዛ በ6.28። መንገዱ 7 ሜትር ሰፍቶ በውስጥ ጠርዝ ብትሄዱ 22 ሜትር ታጣላችሁ፤ ኩርባው ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። 28 ሜትር ብቻ ትርፍ ባለበት 22 ቀልድ አይደለም።

ስልኩ ኩርባ ላይ ነጥብ በነጥብ እያያያዘ ይቆርጣል፣ ቀጥታ ላይ ደግሞ በጥቂት ሜትር እየዋዠቀ ይጨምራል። ሁለቱ ስህተቶች ሲጠፋፉ ልክ የመጣ ሊመስል ይችላል፣ አትመኑት።

ባለ ዙሩ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፏን አጠብናት፣ አሁንም አልቆጠረም። 50 ሜትር የብረት ሜትር ከግንባታ ሰዎች አገኘን፣ ግን ጫፉ ተቆርጧል፣ ከ20 ሳንቲ ነው የሚጀምረው። ሳይክል አለ። በብረት ሜትሩ ዙሩን በሙሉ እንለካ?

ቀያሽ፦
ወደ 80 ጊዜ መዘርጋት ነው፣ ባጃጅ በሚመላለስበት መንገድ አይሆንም። ሳይክሉን መለኪያ አድርጉት።

ዛሬ ሳይጨልም ቀጥ ያለ ደረቅ አስፋልት ፈልጉ። የተቆረጠውን ጫፍ ተዉት፣ 1 ሜትር ላይ ያለውን ምልክት መነሻ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ዝርግ 49 ሜትር ይሆናል፣ ስድስት ጊዜ 294 ሜትር። መነሻውንም መድረሻውንም በጠመኔ ሳይሆን በምስማር ጫፍ ጫሩት፣ የጠመኔ መስመር ወፍራም ነው። ስለ ሙቀቱ አታስቡ፤ ብረቱ 10 ዲግሪ ቢሞቅ በ50 ሜትር 6 ሚሊ ገደማ ነው የሚረዝመው።

ከዚያ የሳይክሉን የፊት ጎማ ቫልቭ ወደ ታች አድርጋችሁ ልክ መነሻው ጭረት ላይ አቁሙና በእጅ እየገፋችሁ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ባለ 26 ከሆነ 142 አካባቢ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የተረፈውን በጎማው ሽቦ ቁጠሩ፤ 36 ሽቦ ካለው በሁለት ሽቦ መካከል ያለው 5.7 ሳንቲ ገደማ ነው። አራት ጊዜ አድርጉና አማካዩን ውሰዱ። 294 ሲካፈል ጎማው ለዞረበት ቁጥር፣ የጎማችሁ እውነተኛ እርምጃ ይኸው ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን መጠን አትጠቀሙ።

ነገ 12 ሰዓት ላይ ዙሩን ጀምሩ። ጎማው 100 ጊዜ በዞረ ቁጥር አስፋልቱ ላይ ጠመኔ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ 19 ምልክት እንኳ አይሞላም። አንዱ ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ባንዲራ ይዞ ከኋላ ይሁን። ለሁለተኛ ልኬት ሰዓት ስለማይኖራችሁ ሌላ ሳይክል ዛሬውኑ በዚያው 294 ላይ ለኩና አብሮ ይሂድ። ሁለቱ ከ4 ሜትር በላይ ከተለያዩ አንዱ ቆጠራ ሳተ ማለት ነው፤ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ስታነጻጽሩ የሳተበትን ቦታ ታገኙታላችሁ።

ስልክ ይበቃል፦
በሦስት ስልክ ለክተህ አማካዩን ብትወስድስ? መተግበሪያው ነፃ ነው።

ቀያሽ፦
አማካይ የጋራ ስህተትን አያጠፋም፣ ሦስቱም ኩርባውን ይቆርጣሉ። ለማመሳከሪያ ከፈለጋችሁ በሳተላይት ምስል ላይ መሃል መስመሩን ነጥብ በነጥብ ሳሉት። እሱ የሚሰጠው በባሕር ወለል ደረጃ ያለውን ርቀት ነው፤ ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች መሬቱ ላይ በ3,874 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። 6 በመቶ ዳገት ደግሞ በ500 ሜትር 90 ሳንቲ ይጨምራል። ከሳይክሉ በ10 ሜትር ውስጥ ከሆነ ደህና ነው።

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦
የባጃጅ ሹፌር ጠይቁ፣ ርቀቱን ከነጉድጓዶቹ ይነግራችኋል :) የምሬን ግን፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ጎማ ትርፍ ይቆጥራል። ጉድጓዱ ጋ ሳይክሉን አቁሙ፣ ስፋቱን በብረት ሜትሩ ለብቻ ለክታችሁ ጻፉ፣ ጎማውን ሳታዞሩ አንስታችሁ ማዶ አሳርፉት። አደባባይ ላይ ደግሞ የአሸዋ ጆንያዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ሳትወስኑ አትለኩ፤ መሃል መስመሩ የሚታወቀው ጠርዙ ሲታወቅ ነው።

ጎሚስታ፦
ከዛሬ ማታ በኋላ ጎማው ላይ ነፋስ አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። ነገ ዙሩን እንደጨረሳችሁ ወደ 294ቱ ተመልሳችሁ ሁለቴ ቁጠሩ። ፀሐይ ሲሞቀው ጎማው ስለሚያብጥ የማታውን እና የጠዋቱን አማካይ ነው የምትጠቀሙት። ሌሊት ከዘነበ ጎማውን በየምልክቱ በጨርቅ ጥረጉ።

ሰዓት ያዥ፦
ባለ ዙሩ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆነ። ስንት ወጣ? ሁለቱ ሳይክሎች ተስማሙ?