የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ የሚናገረው ሁሉ የመንግሥት አቋም ነው?

ቀበና (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሳምንታዊ መግለጫ እያሳጠርን በቴሌግራም ለአንባቢ እናቀርባለን። ችግሩ አንዱ ጉዳይ በሦስት መልክ መምጣቱ ነው፤ ቃል አቀባዩ ለጋዜጠኞች የተናገሩት፣ በፌስቡክ በአማርኛ የተለጠፈው፣ በኤክስ በእንግሊዝኛ የወጣው። ሁልጊዜ አይገጥሙም። ከሶማሊያ ተገንጥያለሁ ከምትለው ከሶማሌላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ጊዜ «የአገርነት እውቅና ተሰጠ» ያለውም «አልተሰጠም» ያለውም መግለጫ ጠቅሶ ነበር። የትኛውን ይዘን ነው «የኢትዮጵያ አቋም ይህ ነው» የምንለው? አቋም ሲለወጥስ በምን ይታወቃል?

አዋሽ ማዶ
በራሳችሁ ምሳሌ እንሂድ፤ ከእሱ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ሰነዱን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የወቅቱ የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 አዲስ አበባ ላይ ሲፈርሙ ሙሉ ጽሑፉ ለሕዝብ አልወጣም። እንግዲህ አንባቢው እጅ የገባው ሁለቱ ወገኖች ስለ ሰነዱ ያሉት እንጂ ሰነዱ አይደለም። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

የሶማሌላንድ ወገን ያለው፣ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ለ50 ዓመት በሊዝ እንደሚሰጥና ኢትዮጵያም በይፋ እውቅና እንደምትሰጥ ነው። ታኅሣሥ 24 የኢትዮጵያ መንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ያወጣው ማብራሪያ ደግሞ እውቅናውን በተመለከተ መንግሥት ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ አቋም እንደሚወስድ ነበር የገለጸው። «እውቅና ይሰጣል» ሌላ፣ «መርምሮ አቋም ይወስዳል» ሌላ። መርምሮ አቋም የሚወስድ ሰው እምቢ ሊልም ይችላል። «ተሰጠ» ብለው የጻፉት የሐርጌሳን ቃል ወስደው በአዲስ አበባ አፍ አስቀመጡት፤ ስሕተቱ ይኸው ነው።

ስታሳጥሩ ከሁሉ በፊት ግሱን ነጥላችሁ ጻፉት። አድርጓል? ያደርጋል? ሊያደርግ ይችላል? ያጤናል? መግለጫ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው፤ «ለማድረግ ታስቧል» የነበረው አርእስት ላይ ሲወጣ «አደረገ» ይሆናል። ቀጥላችሁ የሌላውን ወገን መግለጫ ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ አጉልቶ ሌላው የዘለለው ነጥብ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተቋጨ ድርድር ያለው እዚያ ነው።

አቋም መለወጡን የምታውቁትም በተጨመረው ብቻ አይደለም፣ በተተወውም ነው። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አሸማጋይነት ያወጡት የአንካራ መግለጫ ጽሑፉ ለሕዝብ ወጥቷል። ሶማሌላንድንም የመግባቢያ ሰነዱንም በስም አይጠራም። ኢትዮጵያ አስተማማኝና ዘላቂ የባሕር ተደራሽነት እንድታገኝ ይላል፤ ነገር ግን «በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር» የሚል ሐረግ ተያይዞበታል። ያችን ሐረግ ቆርጦ ያስተላለፈ ሰው ሌላ ስምምነት ነው ያስተላለፈው። የቴክኒክ ድርድሩ እስከ የካቲት 2017 መጨረሻ አካባቢ ተጀምሮ በ4 ወር ውስጥ እንዲያልቅም ቀጠሮ ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ ስታገኙ መዝግቡት። ቀኑ ሲደርስ ለቃል አቀባዩ የሚቀርበውን ጥያቄ ከዚያ የተሻለ የሚያዘጋጅላችሁ የለም።

የሕግ ሰው
ከላይ ለተባለው የሕጉን ጎን ልጨምር። ቃል አቀባይ አቋም ያሳውቃል እንጂ በራሱ ቃል አገር አያስርም። እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈረመው የቪየና የስምምነቶች ሕግ፣ የተለየ የውክልና ደብዳቤ ሳያስፈልጋቸው አገርን ወክለው ስምምነት መዋዋል የሚችሉ ብሎ የሚቆጥራቸው ርእሰ ብሔሩን፣ ርእሰ መንግሥቱንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ነው። የእነዚህ ሰዎች የአደባባይ ንግግር ግን ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በፈረንሳይ ላይ ባቀረቡት የኑክሌር ሙከራ ክስ፣ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንትና ሚኒስትሮች «በከባቢ አየር መሞከር እናቆማለን» ብለው በይፋ መናገራቸው ብቻውን አገሪቱን ያስገድዳል ብሏል። ስለዚህ ስታሳጥሩ «ኢትዮጵያ አለች» ብላችሁ አትለፉት፤ ማን እንዳለው በስምና በሥልጣን አስቀምጡ።

በአገር ቤትም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። «ተፈረመ» ከተባለ «ጸደቀ» ማለት አይደለም።

እመ ፊደል
የሕግ ሰው፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ደግሞ በአማርኛው ላይ። «የባሕር በር» የሚለው ቃል ወደብ ተከራይቶ መጠቀምንም፣ መተላለፊያ ማግኘትንም፣ የራስ የሆነ ጠረፍ መያዝንም ሊያሰማ ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚወጣው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ተደራሽነት ነው፤ ባለቤትነትን አይናገርም። በዚህ የተነሣ የአገር ቤት አንባቢ ከአማርኛው አንድ ነገር ይረዳል፣ የሞቃዲሾ ወይም የአስመራ ዲፕሎማት ከእንግሊዝኛው ሌላ ይረዳል፣ ሁለቱም ያነበቡትን ይጠቅሳሉ። «የመግባቢያ ስምምነት»ም እንዲሁ ነው። ያው ወረቀት አንዴ «ሰነድ» አንዴ «ስምምነት» እየተባለ ሲጻፍ አንባቢ ክብደቱን በቃሉ ይመዝናል። ሁለቱን ቋንቋ ሳታስተያዩ አታሳጥሩ፤ ከተለያዩም ልዩነቱን ራሱን ጻፉት። ለአንባቢ ከዚያ የበለጠ ዜና የለም።

ቀበና (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ይቀረኛል፤ ልጥፉ በኋላ ቢታረም ወይም ቢነሣ ማስረጃ እንዴት ይያዝ?

ሲልቨር ስፕሪንግ
እንደ መድረኩ ይለያያል። ፌስቡክ ላይ የልጥፉን ሦስት ነጥብ ስትነኩ የእርማት ታሪኩ ይወጣል። ኤክስ ማረም የሚፈቅደው ከፍለው ለሚጠቀሙ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ የቀድሞው ቅጂም ይታያል። ቴሌግራም ግን «ታርሟል» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ምን እንደነበረ አያሳይም፤ እዚያ የወጣውን ወዲያው ገጹን ፎቶ አንሡ፣ ሰዓቱና የቻናሉ ስም ይታይ። የሚኒስቴሩን ድረ ገጽ አድራሻ ደግሞ በዌይባክ ማሽን (የድረ ገጾችን የቀድሞ ቅጂ በሚያስቀምጠው የኢንተርኔት ማኅደር) አስቀምጡ፤ ፎቶውን ሰው ሊጠራጠረው ይችላል፣ ይህኛውን ማንም ገብቶ ያየዋል።

ቪዲዮም ጽሑፍም ያዙ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከሰጠው ዕለታዊ መግለጫ ስለ ኢራን ድርድር የተጠየቀው ክፍል ከቪዲዮው ተቆርጦ ወጥቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሆን ተብሎ መቆረጡን እ.ኤ.አ. በ2016 አምኗል። ጽሑፉ ግን ሙሉ ነበር። ቻይና ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በ2023 ክረምት ስለ ቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቺን ጋንግ መጥፋት በመግለጫው ላይ የቀረቡ ጥያቄዎች በድረ ገጹ ከተለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ አልነበሩም።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። የእኛ 2016 ዓ.ም. የገባው እንደወትሮው በፈረንጆቹ መስከረም 11 ሳይሆን መስከረም 12 ላይ ነው፤ ጳጉሜን 6 ስለነበረች። በዚያ ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ ከሌላው ዓመት በአንድ ይዛነፋል። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ ጥር 1 ቀን 2024፣ የዋለው በእኛ ታኅሣሥ 22 ነው፤ በለመድነው ስሌት የቆጠረ ሰው 23 ይለዋል፣ ከዚያ ፊርማውና ማብራሪያው የወጡባቸው ቀናት ይምታቱበታል።