ለካኖን 700ዲ የሚሆን ርካሽ የሩቅ ሌንስ፦ 75-300 ወይስ 55-250?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ ሰላም ናችሁ? ያገለገለ ካኖን 700ዲ ገዝቻለሁ። ያለኝ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ነው (ቁጥሩ ከፍ ሲል ሩቁን ያቀርባል)። ለሰው ፎቶ እንከን አይወጣለትም፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄጄ ወፍ ላንሳ ስል ግን ፔሊካኑ የሩዝ ፍሬ አክሎ ይወጣል። ፎቶ የማነሳው ለራሴ ደስታ ስለሆነ ብዙ ብር ላወጣበት አልችልም። አንድ ሻጭ 75-300 በደህና ዋጋ አቅርቦልኛል። ሌላው ያገለገለ 55-250 አለኝ ይላል፣ እሱ ትንሽ ይወደዳል። እኔ 300 ከ250 ይበልጣል ብዬ ወደ መጀመሪያው አድልቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

የሰርግ ካሜራማን፦ 75-300ውን ውሰጂው እህቴ። እኔም ስጀምር እሱን ይዤ ነው የዞርኩት፣ በፀሐይ ጥሩ ያነሳል። ነገ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ ብትገዢም ይገጥምልሻል፤ 55-250 አይገጥምም። አንድ ነገር ላይ ሁለቴ ብር ለምን ታወጫለሽ?

ወፍ አፍቃሪ፦ የፉል ፍሬሙ ነገር እውነት ነው። 55-250 ኢኤፍ-ኤስ ስለሆነ፣ ማለትም መግጠሚያው ላይ ነጭ ካሬ ምልክት ያለው፣ እንደ 6ዲ ባለ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ አይገባም። ግን እሷ የጠየቀችው ለ700ዲ ነው። ነገ ለምትገዛው ካሜራ ብላ ዛሬ የደበዘዘ ፎቶ ታንሳ?

የ75-300 ትልቁ ችግር አይኤስ፣ ማለትም የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም። 700ዲ ላይ ደግሞ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 አባዢው፤ 300ው እንደ 480 ሆኖ ነው የሚያጠብልሽ፣ ስለዚህ በእጅሽ ይዘሽ ካነሳሽ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) የሚከፈትበት ጊዜ ከ1/500 ሰከንድ መብለጥ የለበትም፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ሳይጠነክር ይሄን ማግኘት ፈተና ነው። በዚያ ላይ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ ፎቶው ጥርት አይልም፤ ነጭ ፔሊካን ጠርዝ ላይም ሐምራዊ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

በ50ዋ ልዩነት ደግሞ አትታለዪ። በ300 ስድስት ጣት የሚያክል ወፍ በ250 አምስት ጣት ያክላል፣ በቃ። 700ዲ 18 ሜጋፒክስል ስላለው ትንሽ ብትቆርጪው ያካክሰዋል። 55-250ውን ግዢ። ከተቻለ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ኤስቲኤም (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ስም ነው) የሚለውን፤ ክብደቱ 375 ግራም ነው፣ አንገት አይጎትትም። ፎከሱ ድምፅ የለውም፣ እስከ 85 ሳንቲሜትር ድረስ ቀርበሽም ማንሳት ትችያለሽ። 75-300 አንድ ሜትር ተኩል ካልራቅሽ አይፎክስም።

የሰርግ ካሜራማን፦ እኔ ሁሌ በትራይፖድ ስለማነሳ ይሆናል አይኤሱ ያልናፈቀኝ። ለወፍ ከሆነ እሺ።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን! አይኤስ ካለው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሻተሩን ፍጥነት ቀንሼ ማንሳት እችላለሁ ማለት ነው? ያገለገለ ሲገዛስ ምን ይታያል?

ወፍ አፍቃሪ፦ ለቆመ ነገር አዎ። አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ራሰ በራ ወፍ) ተገትሮ ሲቆም 1/125 ይበቃዋል። ሲበር ግን አይኤስ ምንም አያደርግልሽም፤ እሱ የሚያረጋው ያንቺን እጅ እንጂ የወፉን ክንፍ አይደለም። ለበረራ 1/1000 እና ከዚያ በላይ አድርጊ፣ ፎከሱን የሚንቀሳቀሰውን ነገር የሚከተለው ኤአይ ሰርቮ ላይ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) 800 ወይም 1600። አይኤስኦው ከፍ ስላለ ፎቶው ትንሽ ነጠብጣብ ቢያወጣ ይሻላል እንጂ የተንቀጠቀጠ ፎቶ መድኃኒት የለውም።

ካሜራ ጠጋኝ፦ ስለ ያገለገለው እኔ ልመልስ። የራስሽን ካሜራ ይዘሽ ሂጂ፤ በሻጩ ካሜራ ሞክሪ ቢልሽ እሺ አትበዪ። የሌንሱን የፊትና የኋላ ክዳን አንሺና ከአንድ በኩል በስልክሽ ባትሪ አብሪበት፣ ከሌላው በኩል እያዘነበልሽ እዪ። አቧራ ችግር የለውም፣ ሁሉም ውስጥ አለ። ክር ክር የሚል ነጭ ነገር ካየሽ ግን ፈንገስ ነው፤ በነፃ ቢሰጥሽም ተዪው፣ ከሌላው ሌንስሽ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥም ጥሩ አይደለም። ከዚያ 250 ላይ ዘርጊውና መንገድ ማዶ ያለ ማስታወቂያ አንሺ፣ ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ ጽሑፉን አንብቢ። አንድ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ወድቆ ሊሆን ይችላል። አይኤሱን አብሪና ማንሻውን ግማሽ ድረስ ተጫኚ፤ በመመልከቻው የምታዪው ምስል ርግት ሲል ይታወቅሻል።

ተማሪ፦ ጣልቃ ልግባ፣ እኔ ኒኮን ዲ3500 ነው ያለኝ። ለሱስ የትኛው የሩቅ ሌንስ ይሻላል?

ካሜራ ጠጋኝ፦ ኤኤፍ-ፒ ዲኤክስ 70-300 ፈልግ፣ ስሙ ላይ ቪአር (የኒኮን አይኤስ ማለት ነው) የሚል መኖሩን አረጋግጥ፤ ቪአር የሌለውም ይሸጣል። ጓደኛህ እንደ ዲ3100 ያለ አሮጌ ካሜራ ካለው ግን እሱ ላይ አይፎክስለትም፣ ለእሱ እንዳትመክረው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦ ስለ ሌንስ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ቦታው ግን ስሙኝ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትዞሪ ፀሐይ ከጀርባሽ ናት፣ ወፎቹ ላይ ትበራለች። ከሰዓት ግን ፊት ለፊትሽ ትመጣና ሁሉም ጥቁር ጥላ ይሆናል። ቀትር ላይ ደግሞ ከውኃው በላይ ያለው አየር ስለሚርገበገብ ሩቅ ያለው ነገር በየትኛውም ሌንስ አይጠራም። ዓሣ የሚበለትበት ቦታ ጠዋት ሂጂ፤ አባ ኮዳዎቹ አንጀትና ጭንቅላት ፍለጋ እግርሽ ሥር ስለሚመጡ 250ውም ሊበዛብሽ ይችላል። ጦጣዎቹን ግን ተጠንቀቂ፣ የሌንስ ክዳን የሚበላ ይመስላቸዋል። ዓሣ አጥማጆቹንም ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂያቸው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የ55-250ው ሻጭ ፎቶ ልኮልኝ ሳየው ላዩ ላይ አይኤስ 2 ይላል፣ ኤስቲኤም የሚል የለውም። ልተወው?

ወፍ አፍቃሪ፦ አትተዪው። የቀድሞው ዓይነት ነው፤ ሞተሩ ይንጫጫል፣ ሲፎክስም ፊቱ ስለሚዞር ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፊት ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ያስቸግርሻል። ለወፍ ግን ይሠራል፣ ከ75-300ም ይሻላል። ፈንገስ ከሌለው ኤስቲኤም አይደለም ብለሽ ዋጋ አስቀንሺውና ውሰጂ።