«አለቃዬ አዞኝ ነው» ያስመልጣል?

የዛሬው ጥያቄ ይኸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1944 ዩ-852 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ፔሌየስ የምትባል የግሪክ የንግድ መርከብ ደቡብ አትላንቲክ ላይ አሰመጠ። ከዚያ ለሰዓታት እዚያው እየዞረ ፍርስራሹንና ታንኳዎቹን በመትረየስና በእጅ ቦምብ ደበደበ። ታንኳዎቹ ላይ ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ በሕይወት የተገኙት 3 ናቸው። በ1945 ሀምቡርግ ላይ የእንግሊዝ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ካፒቴኑን ኤክን፣ መኮንኑን ሆፍማንንና የመርከቡን ሐኪም በሞት ቀጣ፤ ተረሸኑ። የሁለቱ የበታቾች ሞት ልክ ነበር?

መርከበኛው፦ ልክ አልነበረም። ባሕር ላይ ካፒቴን ንጉሥ ነው። ኤክም ፍርስራሹን አውሮፕላን ካየው እንታደናለን ብሎ ነው ያዘዘው። ኃላፊነቱን ራሱ ወስዷል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ መታደን የፈራ ሰው በጨለማ ይሸሻል እንጂ እዚያው ለሰዓታት ይቆያል? የፈሰሰውን ዘይትስ በጥይት ያጠፋዋል? ደግሞ ሐኪም! ሐኪም መትረየስ ይዞ ምን ይሠራል? እምቢ ማለትም ይቻል ነበር። መሐንዲሱ ሌንዝ አልስማማም ብሎ ለካፒቴኑ ፊት ለፊት ነግሮታል። ማንም አልነካውም።

መርከበኛው፦ እህቴ፣ ጨርሺው እንጂ! ያው ሌንዝ ቆይቶ መሣሪያውን ከአንድ መርከበኛ ተቀብሎ ራሱ ተኩሷል።

የሕግ ተማሪዋ፦ አዎ፣ ተኩሷል። ለዚህም ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። መሣሪያውን ያስረከበው መርከበኛ ደግሞ 15 ዓመት። ፍርድ ቤቱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አልለካም።

የታሪክ መምህሩ፦ እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ1943 የአሜሪካው ሰርጓጅ መርከብ ዋሁ፣ ቡዮ ማሩ ከምትባል ካሰመጣት የጃፓን መርከብ በተረፉት ላይ ተኩሷል። ውሃው ውስጥ ጃፓኖች የማረኳቸው ሕንዶችም ነበሩ። አዛዡ ሞርተን ተሸለመ እንጂ አልተከሰሰም። የዩ-852 የጉዞ መዝገብ የተያዘውም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ ጠረፍ ላይ መትተውት ስለቀረ ነው። ተሸናፊ ብቻ ይከሰሳል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው፣ ያሳፍራል። ግን መፍትሔው ሞርተንንም መክሰስ ነበር፤ ኤክን መልቀቅ አይደለም።

መርከበኛው፦ ሐኪሙን ተውኩልሽ። ሆፍማን ግን ትእዛዝ ፈጻሚ ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ከተረፉት አንዱን መኮንን ወደ ሰርጓጁ አውጥተው ስለ መርከቢቱ ጠይቀውታል። መልሰው ታንኳው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተኮሱ። የሚተኩሱት ሰው ላይ መሆኑን ሆፍማን አላወቀም ልትለኝ ነው?