የቡድን ሥራ ነጥብ፦ ለሁሉም እኩል ወይስ በየሰው? የጅማ ልጆች ክርክር

አወያይ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የዛሬው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን የትኛውም ግቢ ብትገቡ ሰው የሚኳረፍበት ነው። አምስት ስድስት ተማሪ በአንድ ቡድን ይመደባል። አንድ ሪፖርት ያስረክባሉ። አንዱ ወጥቶ ያቀርባል። ነጥቡ ለሁሉም እኩል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን «የሰውን እውነተኛ ጠባይ ማወቅ ከፈለግህ አብረህ ግሩፕ ወርክ ሥራ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ወዲያው «የሚታየው የሰው ጠባይ ሳይሆን የነጥብ አሰጣጡ ብልሽት ነው» ብሎ መለሰለት። እዚያው ላይ ተቋረጠ። ዛሬ እንቀጥል። የቡድን ሥራ ስለ ሰው ጠባይ እውነቱን ይናገራል ወይ? ነጥቡስ እኩል መሆን አለበት? የምታሙትን ሰውም ትምህርት ቤትም በስም አትጥሩ።

የምህንድስና ተማሪ፣ 4ኛ ዓመት፦
እኔ ጠባይን ያወጣል ባይ ነኝ። ሁሌ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አሳይመንቱ እንደተሰጠ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም «እሺ» ይላል፣ አውራ ጣት ይልካል። ከዚያ ጭጭ። ማስረከቢያው ሲቃረብ አንዷ ልጅ «ሥራው የት ደረሰ?» ብላ ትጽፋለች። ሁሉም አይቶታል፤ የሚመልስ የለም። በመጨረሻ እሷው ላፕቶፑን ታቅፋ ታድራለች። ጠዋት ፍላሹን ይዛ ፕሪንት ቤት ስትደርስ ስልኳ መጮህ ይጀምራል። «ስሜን አስገባሽልኝ አይደል? አይዲዬን እንዳትሳሳቺ።» ያ ልጅ ከሪፖርቱ የሚያውቀው የራሱን መታወቂያ ቁጥር ብቻ ነው። ርዕሱን ቢጠይቁት አይመልስም።

ይሄ ጠባይ ካልሆነ ምንድን ነው? ነገ ድልድይ ሲሠራ የዚያ ልጅ ፊርማ ነው ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው። እኩል ነጥብ ስንሰጠው «ሌላው ይልፋ፣ አንተ ፈርም» እያልን እያስተማርነው ነው።

የነርሲንግ ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ይደርሳል። ግን ዝም ያለውን ሁሉ ሰነፍ አትበለው። እዚህ ከተማ ተማሪው ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የቡድኑ ጨዋታ በአማርኛ። በልጅነቱ አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ የሆነ ልጅ ሐሳቡን እስኪያሰናዳ ርዕሱ ያልፈዋል።

እኛ ቡድን ውስጥ እንደዚህ ያለ ልጅ ነበረ። ስብሰባ ላይ ቃል አይወጣውም። አንዳንዶቹ «ተሸክመነው ነው የምንሄደው» እያሉ ያሙት ነበር። ከዚያ ለመስክ ሥራ ከከተማ ወጣ ወዳለ ቀበሌ ሄድን። ቤት ለቤት መጠይቅ መሙላት ነው። እናቶቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ስብሰባ ላይ አፋችን የማያርፈው ልጆች በር ላይ ተገትረን ቀረን። እሱ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሲገባ በርጩማ ተሳበለት፣ ቡና ተፈላለት። ቅጹ ላይ «የመጠጥ ውኃው ዕቃ ክዳን አለው?» የሚል ጥያቄ አለ። እሱ አልጠየቀም። ቡናውን እየጠጣ ጥግ ላይ ያለውን ጀሪካን በዓይኑ አይቶ ሞላው። ሴትየዋ እንዳታፍር ብሎ ነው። የማንኛችንም ወረቀት እንደሱ የተሟላ አልነበረም። ልጁ ያው ልጅ ነው። የተለወጠው ሥራው ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
ሁለታችሁም ያያችሁት እውነት ነው። ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና ኖሯል። ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ ምህንድስና ባለሙያ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት ጉልበቱ 100 ነው እንበል። ሁለት ሲሆኑ በነፍስ ወከፍ 93 ገደማ ሆነ። ስምንት ሲሆኑ 49 ገደማ። ግማሹ ጉልበት የት ገባ? ከፊሉ ባለመናበብ ባክኗል። ከፊሉ ግን ልግመት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎችን እያስጮኹና እያስጨበጨቡ ልግመቱን ለይተው አዩት። ሰውየው የሚጮኸው ብቻውን ነው። ግን ከሌሎች ጋር እየጮኸ ያለ ሲመስለው ድምፁን ይቀንሳል። እኔን በጣም የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገር ልግመቱ ጠፋ። ሰው ጠባዩን በአንድ ቀን አይለውጥም። የተለወጠው መታየቱ ነው። ስለዚህ ለገመ ብለን በሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት «ሥራው ይታይ ነበር ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

የምህንድስና ተማሪ፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልግመት የሚመጣው ባለመታየት ነው አሉ። ይሁን። ታዲያ ያቺ ላፕቶፕ ታቅፋ ያደረችው ልጅስ? እሷንም ማንም አላያትም። ነጥቡ ለሁሉም እኩል እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሠራች። የሷን በምን እናስረዳዋለን? እኔ ጠባይ የምለው ይሄንን ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
እዚህ ላይ ረታኸኝ። አዎ፣ የሷ ጠባይ ነው። ግን ቀጥሎ የሚሆነውን አስብ። ኖርበርት ከር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየው ነገር አለ። ሰው መሥራት የሚችል ጓደኛው በሱ ትከሻ ላይ እየተንጠላጠለ መሆኑን ሲያውቅ እሱም ጥረቱን ይቀንሳል። እሱ ራሱ እንደሚጎዳ እያወቀ ይቀንሳል። ሞኝ መሆን ማንም አይፈልግም። ያቺ ልጅ አንድ ሴሚስተር ትሸከማለች፣ ሁለት ትሸከማለች። ሦስተኛው ላይ እሷም «እሺ» ብላ አውራ ጣት ትልካለች። እኩል ነጥብን የምጠላው ለዚህ ነው። ሰነፉ ኤ ማግኘቱ ያን ያህል አያንገበግበኝም። የምታሳዝነኝ ጥሩዋ ልጅ ናት።

የጤና ባለሙያ፦
እኔ ብቻዬን ብቀርም እኩል ነጥብ ይቆይ እላለሁ። የተማርኩት እዚሁ ጅማ ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲመሠረት ጀምሮ የሚታወቀው ኅብረተሰብ ተኮር በሆነ ትምህርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ያንኑ ይዞ ቀጠለ። በቲቲፒ፣ ማለትም በቡድን ሥልጠናው ፕሮግራም፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። እዚያ ምን ተማርኩ መሰላችሁ? እናትየዋ ልጇን አዝላ ስትመጣ «የላቦራቶሪው ልጅ ጎበዝ ነው፣ የካርዱ ነው ያዘገየኝ» ብላ ለይታ አትመዝንም። ወይ ልጇ ታክሞላታል፣ ወይ አልታከመላትም። ነጥቡ አንድ ነው።

በየሰው መለየት ስትጀምሩ ሁሉም የራሱን ቁራጭ ብቻ ይጠብቃል። «የኔ ክፍል አልቋል» ይላል። ጓደኛው ቢሰምጥ አያየውም። ደግሞ እርስ በርስ ነጥብ ተሰጣጡ ሲባል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የዶርም ጓደኛ ለዶርም ጓደኛ ይሰጣል። ያገር ልጅ ላገር ልጅ ይሰጣል። ያ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ በዚያ ስብሰባ ማግስት በጓደኞቹ ድምፅ ቢመዘን ስንት ያገኝ ነበር?

ከጎማ ወረዳ፣ የቡና ገበሬ ልጅ፦
ይህ ሁሉ ተማሪ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ያድጋል። ግን አያቶቻችን እንዴት ነበር የሚያብሩት? እኛ ጋ ሁለት ዓይነት አለ። በደቦ ባለቤቱ ደግሶ ሰው ይጠራል። የመጣው ሁሉ አብሮ ይቆፍራል፣ ይዘፍናል፣ ይበላል። ማንም ቀን አይቆጥርም። ወንፈል ሌላ ነው። በኦሮምኛ ዳዶ እንለዋለን። ዛሬ አንተ የኔን ቡና ከኮተኮትክልኝ፣ ነገ እኔ ያንተን እኮተኩታለሁ። ቀን በቀን ይመለሳል። አንተ ሁለት ቀን ሰጥተህ እኔ አንድ ቀን ብመልስ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ከኔ ጋር አይገባም። ደግሞ ቆጠራው ፍቅራችንን አላጠፋውም። ያቆየው እሱ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ግሩፕ ወርክ ግን ሥራው እንደ ወንፈል ከባድ፣ ቆጠራው እንደ ደቦ ልቅ ነው። ድግሱ ደግሞ የለም። እንዴት ይሁን?

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ፣ 2ኛ ዓመት፦
አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። ቡድን ሲመደብ ጸሐፊ ማን ይሆናል? ሴቷ። «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል»፣ «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ» ይባላል። ፕረዘንቴሽኑን ማን ያቀርባል? ወንዱ። መምህሩ የሚያየው የቆመውን ነው። በዚያ ላይ ስብሰባው ማታ ላይብረሪ አካባቢ ይሆናል። ሲመሽ ብቻዬን ወደ ዶርም መመለስ ስለሚከብደኝ ቀደም ብዬ ብወጣ «አትሳተፍም» እባላለሁ። የቡድን ሥራ ጠባይ ያሳያል ካላችሁ፣ ይሄንንም ጠባይ ብላችሁ መዝግቡልኝ።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፦
እህቴ፣ ጥሩ አነሳሽው። እኔ «አንድ ለአምስት» በየክፍሉ በነበረበት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ሐሳቡ ጎበዙ ሌሎቹን ይዞ እንዲወጣ ነበር። ክፍል ውስጥ ያየሁት ግን ጎበዙ መልሱን ይጽፋል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ጥያቄ ስጠይቅ አምስቱም ወደሱ ያያሉ።

በኋላ ሌላ መንገድ ሞከርኩ። ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በቴክሳሷ ኦስቲን ከተማ የጀመረው ነው። ጊዜው ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አንድ ክፍል ገብተው የማይቀራረቡበት ነበር። አሮንሰን ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ። የአንዱ ቁራጭ ሌላው ጋ የለም። ሙሉውን ለማወቅ ሁሉም ሁሉንም መስማት አለበት።

እኔም በባዮሎጂ የደም ዝውውርን ለአራት ከፈልኩት። ልብ፣ የደም ሥር፣ ደም፣ ሳንባ። የልብን ክፍል የሰጠሁት ጨርሶ ለማያወራ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጓደኞቹ ተቆጡ። «ቶሎ በል እንጂ!» አሉት። ብዙም ሳይቆዩ አንዷ «ቆይ፣ ቀስ ብለህ ንገረን፣ የግራውን ክፍል ድገምልን» ስትለው ሰማሁ። እስክሪብቶውን አንስቶ ደብተሯ ላይ አራቱን ክፍሎች ሣለላት። ፈተናው ላይ የሚመጣው እሱ ያለው ነዋ! ሌላ ቦታ አያገኙትም። እርስ በርስ እንዲደማመጡ ምንም አልሰበክኩም።

የምህንድስና ተማሪ፦
እትዬ፣ ደስ ይላል። ግን የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን ሁሉ ይደክማል? እውነቱን እንነጋገር። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ስድሳ ሪፖርት ማረም አለበት። በአምስት ሲያቧድነን አሥራ ሁለት ብቻ ይሆንለታል። ብዙ ጊዜ የምንቧደነው ትብብር እንድንማር ሳይሆን እርማት እንዲቀልል ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
ልክ ነህ። ሸክሙ ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ ለተማሪ ምክንያት አይሆንም። እኔ አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሪፖርቱ አንድ ነው፤ ከነጥቡ ስድሳ በመቶው ለቡድኑ ነው። የጤና ባለሙያው ያሉት እውነት ስለሆነ ይህ ለሁሉም እኩል ነው። አርባው በየሰው ነው። ማን እንደሚያቀርብ ቀድመው አያውቁም። ዕለቱን ዕጣ አወጣለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ከሪፖርቱ አንድ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ሌላ ሰው ከጻፈው ክፍል ጭምር። ስለዚህ ጎበዙ ጓደኞቹን ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። አርባ በመቶውን ጓደኞቹ አይሰጡም፤ እኔ ነኝ የምሰጠው። አሥራ ሁለት ሪፖርት አርሜ ስድሳ አጭር ጥያቄ መጠየቅ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። የሚቻል ነው።

የነርሲንግ ተማሪ፦
መምህር፣ በቃል ሲጠየቅ የሚርበተበተው ልጅስ? መልሱን እያወቀ በእንግሊዝኛ ይታነቃል።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
በሚቀናው ቋንቋ ይመልስ። በአማርኛም በኦሮምኛም። እኔ የማልሰማው ከሆነ አብሮት የሠራ ሰው ይተርጉምለት። የምመዝነው ሥራውን ማወቁን ነው። የእንግሊዝኛው ፈተና ሌላ ቦታ አለ።

የምህንድስና ተማሪ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ። ምንም ያልሠራውን ልጅ ስም ቡድኑ ከሽፋኑ ላይ የማውጣት መብት ይኑረው።

የጤና ባለሙያ፦
እሱን አልቀበልም። ስም የማውጣት ሥልጣን ለተማሪ ከተሰጠ መጀመሪያ የሚወጣው ስም የዚያ ዝምተኛ ልጅ ነው።

የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ፦
ወይም ማታ ስብሰባ መምጣት የማትችለው ልጅ።

የምህንድስና ተማሪ፦
እሺ፣ ማውጣቱ ይቅር። ግን ማስረከቢያው ሳይደርስ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቡድኑ «እገሌ አልመጣም» ብሎ ለመምህሩ የሚያሳውቅበት ቀን ይቆረጥ። መምህሩ ራሱ ጠርቶ ለምን እንደሆነ ይጠይቀው። ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀርታ ከማደሯ በፊት።

የጤና ባለሙያ፦
ለምን እንዳልመጣ ቀድሞ የሚጠየቅ ከሆነ እኔም አለሁበት።