የፋየር አላርም ፓነሉ «ቢዲኤ ትራብል» እያለ ይጮኻል፣ ነገ ማርሻል ይመጣል፣ እርዱኝ

የማታ_ሺፍት፦ ሰላም ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ሜይንቴናንስ ነኝ። ከከሰዓት ጀምሮ ፓነሉ «ቢዲኤ ትራብል» ይላል። ሳይለንስ ሳደርገው ዝም ይልና መልሶ ይጀምራል። የገጠመው ኩባንያ ስልክ አያነሳም። ጠዋት ፋየር ማርሻል (የእሳት ደህንነት ተቆጣጣሪው) ለኢንስፔክሽን ይመጣል።

አዱ_ሜሪላንድ፦ አጥፍተህ አብራው።

የሰፈር_ልጅ፦ ቢዲኤ ደግሞ የማን ባንክ ነው? 😂

ጋሽ_ኤሌክትሪክ፦ ቀልዱን ተዉት። ቢዲኤ የሬዲዮ ሲግናል ማጉያ ነው። ኮንክሪትና ሙቀት የሚመልሰው መስታወት የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ሬዲዮ ያፍኑታል። ስለዚህ የጣሪያው አንቴና ሲግናሉን ይቀበላል፣ ቢዲኤው ያጎላዋል፣ በየፎቁ ያሉት ትንንሽ አንቴናዎች ያዳርሱታል። ኮዱ በየፎቁ 95 በመቶው ቦታ ላይ ሬዲዮው በደንብ እንዲሰማ ይፈልጋል፤ ሲፈተሽ ፎቁ 20 ያህል ቦታ ይከፈላል። በ2001 ኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎቹ ውስጥ «ውጡ» የሚለው ትእዛዝ በሬዲዮ ያልደረሳቸው ሠራተኞች ነበሩ።

ሚሚ_ቪኤ፦ አሁን ሁሉም ስልክ አለው፣ ሬዲዮ ምን ያደርጋል? ደግሞ ሕንፃው ያንተ አይደለም፣ ባለቤቱ ይጨነቅ።

የማታ_ሺፍት፦ እህቴ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ማርሻሉም የሚያገኘው እኔን ነው። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን የሚጮኸውን ምን ላድርገው?

ባለ_መሰላል፦ ፓነሉን ተወው፣ እሱ ወሬ አቀባይ ነው። ወደ ቢዲኤው ሣጥን ሂድ። ኤሲ ፓወር፣ ቻርጀር፣ ባትሪ፣ አንቴና፣ አምፕሊፋየር ለየብቻ መብራት አላቸው። የትኛው ነው የበራው?

አዱ_ሜሪላንድ፦ አጥፍተህ አብራው አልኩህ እኮ።

የማታ_ሺፍት፦ አንቴና የሚለው፣ ቢጫ።

ባለ_መሰላል፦ ሰሞኑን ጣሪያ ላይ ሰው ወጥቶ ነበር?

የማታ_ሺፍት፦ የአየር ማቀዝቀዣ የሚቀይሩ ነበሩ። ምን አገናኘው?

ባለ_መሰላል፦ ኬብሉን ነቅለውት ወይም አንቴናውን ገፍተውት ይሆናል። ራስህ እንዳታዞረው! አቅጣጫው ከተሳሳተ ቢዲኤው የራሱን ድምፅ መልሶ ይሰማና፣ ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ እንደሚያፏጨው ይሆናል። ያ ጩኸት የከተማውን የእሳት አደጋ ሬዲዮ ራሱን ይረብሻል። የጣሪያውና የውስጦቹ አንቴናዎች መነጣጠል ከቢዲኤው የማጉላት ጉልበት በ20 ዲቢ (የሲግናል መለኪያ ነው) መብለጥ ያለበት ለዚህ ነው። በመሣሪያ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

አዱ_ሜሪላንድ፦ ካልሆነ ከኦንላይን ቡስተር ግዛ፣ ርካሽ ነው።

ባለ_መሰላል፦ እሱ የስልክ ሲግናል ማጉያ ነው። በእሳት አደጋው ፍሪኩዌንሲ ላይ የሬዲዮው ላይሰንስ ያለው ሳይፈቅድ ምንም አይገጠምም፣ ኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ተቆጣጣሪው) ይቀጣል። አሁን ማታውኑ አላርሙን ለሚከታተለው ሞኒተሪንግ ኩባንያና ለእሳት አደጋው አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በሚደወልበት ቁጥር ደውለህ «ሲስተሙ አይሠራም» በል። ፋየር ዋች (ሕንፃውን እየዞረ እሳት የሚጠብቅ ሰው) ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቃቸው። ሰዓቱንና ያናገርከውን ሰው ስም ሎግ ቡኩ ላይ ጻፍ፣ ለማኔጀርህም ኢሜይል አድርግ። ማርሻሉ ብልሽት አይቶ ያውቃል፣ ሳትነግረው ካገኘው ነው ጣጣው።

ጋሽ_ኤሌክትሪክ፦ ባትሪውንም አስፈትሽ። መብራት ሲጠፋ፣ ሕንፃው እንደተሠራበት ኮድ፣ 12 ወይም 24 ሰዓት መያዝ አለበት።

ሚሚ_ቪኤ፦ ወንድሜ፣ ማርሻሉ መጣ? ምን አለ?

የሰፈር_ልጅ፦ ጠፋ። ጣሪያ ላይ ሳይወጣ አይቀርም።