ጥቆማ፦ ዳክስሁንድን መሃል አዲስ አበባ ላይ ፈትቶ ማስሮጥ ይቻላል? የትኛው ቦታ፣ የትኛው ገመድ፣ የትኛው አሠልጣኝ?

ጠያቂ

ካዛንቺስ የሚኖር ወንድ ዳክስሁንድ ነው፤ 10 ወሩ፣ አጭር ጸጉር፣ 8 ኪሎ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ እንደ ልቡ አይሮጥም። ሰው አይነክስም፣ ቤት ውስጥ ሲጠሩት ከች ይላል። መሃል ከተማ ላይ ፈትተን የምናስሮጥበት ቦታ ጠቁሙን። ዕቃና አሠልጣኝም ካለ የቱ ከየቱ እንደሚሻል ንገሩን።

መልስ 1

አጥር ባልዞረው ቦታ አትፍቱት። ቤት ውስጥ ሲጠሩት መምጣቱ ለመንገድ ዋስትና አይሆንም፤ ቤት ውስጥ ከእናንተ የሚበልጥበት ነገር የለም፣ ውጭ ግን ሽታ አለ።

ይህ ውሻ አጭር እግር የተሰጠው ለቁንጅና አይደለም። ጀርመኖች ያራቡት ባጀር የሚባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ እንዲያድንላቸው ነው፤ «ዳክስ» ባጀር፣ «ሁንድ» ውሻ ማለት ነው። ጠባብ ጉድጓድ ገብቶ፣ በጨለማ፣ ጌታው ሳያየውና ሳያዘው ብቻውን ወስኖ እንዲጋፈጥ በትውልድ የተመረጠ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ሲጠራጠር ዞር ብሎ የሰው ፊት ያያል። ዳክስሁንድ ሲጠራጠር አፍንጫውን መሬት ላይ ይደፋል። ሽታ ይዞ ሲሄድ ስሙን ስትጠሩት የማይዞረው ንቆ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው። ካዛንቺስ ባጀር ባይኖርም አይጥና ድመት ሞልቷል፣ ለእሱ ያው ነው።

ቁመቱም አለ። ትልቁ ዓይነት እንኳ ትከሻው ከመሬት ከ20 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሚኒባስ ሾፌር መሪው ላይ ተቀምጦ ከፊት መከላከያው ሥር ያለውን አያይም። ትልቅ ውሻ አስፋልት ሲገባ ፍሬን ይያዝለታል፤ ለዳክስሁንድ የሚያይለት የለም።

መልስ 2

ቦታዎቹን በደረጃ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ግንብ የዞረው የዘመድ ወይም የጎረቤት ሰፊ ግቢ። ከዚህ የሚሻል የለም፣ በሩ ከተመረመረ በኋላ ግን (ከታች ጽፌዋለሁ)። ሁለተኛ፣ በሽቦ የታጠረ የቴኒስ ወይም የቅርጫት ኳስ ሜዳ። ትምህርት ቤቶችና አንዳንድ አፓርታማዎች አላቸው፤ ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ብትጠቀሙና ኩሱን ጠርጋችሁ ብትወጡ ሁለተኛ ጊዜም አይከለክሏችሁም። ሽቦው መሬት መንካቱን እየዞራችሁ እዩ፣ ጥጉ ላይ ብዙ ጊዜ የተነሳ ቦታ አይጠፋም።

ጃን ሜዳ ሰፊ ነው፣ ሣርም አለው፤ ነገር ግን ኳስ ተጫዋቹ፣ ሯጩ፣ ፈረሱ በአንድ ላይ ነው። ለ10 ሜትር ገመድ መሃል ከተማ ላይ የምመርጠው እሱን ነው፣ ለመፍታት ግን አይሆንም። በኮሪደር ልማት የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለአጭር ማሰሪያ ተመችተዋል፤ ብስክሌቱ ጎን ለጎን ስለሚያልፍ ማሰሪያው ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። የ«መንገድ ለሰው» እሑድ መኪና የለም ብላችሁ እንዳትፈቱት። ሕፃናት ስኬት ይዘው የሚወጡበት ቀን ነው፣ ከጎን ሰፈር ደግሞ መኪናው እንደወትሮው ይሄዳል።

እንጦጦን የሚጠቁም አይጠፋም። ጫካው መሃል የገባ ዳክስሁንድ ከባሕር ዛፍ ቅጠል በታች ጀርባው እንኳ አይታይም፣ ሲመሽ ደግሞ ጅብ አለ። እዚያም በገመድ ብቻ፣ ከ10 ሰዓት በፊትም መመለስ።

አሁን በሩ። የእኛ የላሜራ በሮች ከሥራቸው 10 እና 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አላቸው፤ ዳክስሁንድ ተጋድሞ ያልፍበታል። ክፍተቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በያጅ ጠርታችሁ ከበሩ ሥር አንጎላሬ አስበይዱ። ከመነዳሪ ቆርጦ ማንጠልጠል አይበቃም፣ በአፍንጫው ገፍቶት ይወጣል። ከግንቡ ሥር ለዝናብ ውሃ የተተወውን ቀዳዳ በ8 ሚሊ ሜትር ቶንዲኖ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ ዝጉት፤ ቅጠል እንዳይደፍነው ክረምት ላይ በየሳምንቱ መጥረግ አለባችሁ። አጥሩ ቆርቆሮ ከሆነ ይቆፍራል። ከአጥሩ ሥር ወደ ውስጥ 50 ሴንቲ ሜትር የሚገባ የሽቦ ወንፊት መሬት ላይ አንጥፋችሁ በአፈርና በድንጋይ ሸፍኑት፤ መቆፈር የሚጀምረው አጥሩ ሥር ስለሆነ ጥፍሩ ሽቦውን ሲያገኝ ይተወዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ውሻ የሚጠፋው መኪና ሲገባ ነው። ዘበኛው ትልቁን በር ከመክፈቱ በፊት «ውሻው ታስሯል?» ብሎ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ እንዲጠብቅ ልማድ አድርጉት።

መልስ 3

ስለ ገመድ። ሱቅ የሚሸጡት ሦስት ዓይነት ናቸው፣ አራተኛውን ማሰፋት ይቻላል።

ተጠቅልሎ የሚገባው ባለ ቁልፍ ማሰሪያ ለዳክስሁንድ አይሆንም። ገመዱ ቀጭን ነው፣ ውሻው ሮጦ ጫፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ይነጥረዋል፤ ያ ንጥረት በቀጥታ አከርካሪው ላይ ነው የሚያርፈው። ከእጅ ካመለጠ ደግሞ የፕላስቲክ እጀታው እየተንኳኳ ከኋላው ስለሚከተለው ውሻው ደንግጦ ይበረግጋል።

ሰንሰለት ይከብዳል፣ ለ8 ኪሎ ውሻ ትርጉም የለውም። የቆዳ አጭር ማሰሪያ የእኛ አገር ሥራ ጥሩ ነው፣ ለእግረኛ መንገድ እሱን ውሰዱ፤ ክረምት ሲረጥብ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ ቅባት ቀቡት፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ለመሮጥ የሚሆነው 10 ሜትር ረጅም ገመድ ነው። ተስማሚውን ሱቅ ካጣችሁ መርካቶ የቦርሳ ማንገቻ ክር በሜትር ይሸጣል። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ናይሎን ወይም ፖሊስተር፣ 10.5 ሜትር ግዙ። ለቦርሳ ሰፊ ስጡትና ጫፉን 5 ሴንቲ ሜትር አጥፎ አራት ማዕዘን፣ መሃሉን በመስቀል እንዲሰፋው ንገሩት፤ አንድ ረድፍ ስፌት አይበቃም። መንጠቆው የሚሽከረከር ይሁን፣ አለዚያ ገመዱ ይጠማዘዛል። የቁልፍ መያዣ መንጠቆ አታስገቡ፣ እሱ ጭነት አይችልም። በሌላኛው ጫፍ የእጅ ቀለበት አታሰፉ፤ ገመዱ መሬት ሲጎተት ቀለበቱ ድንጋይና ቁጥቋጦ ይይዛል። ይልቅ ከመጨረሻው 3 ሜትር ጀምሮ በየ1 ሜትሩ ቋጠሮ ቋጥሩ፣ ሲሮጥ በጫማችሁ ስትረግጡት ቋጠሮው ያስቆምላችኋል። ጓንት አድርጉ፣ የሚሮጥ ናይሎን መዳፍ ይልጣል።

ረጅም ገመድ አንገት ላይ አይታሰርም። የደረት ማሰሪያ ያስፈልጋል፣ ያውም ከፊት ሲታይ ሹካ የሚመስለው እንጂ ደረቱን በአግድም የሚያቋርጠው አይደለም፤ የአግድሙ ትከሻውን ይይዘዋል፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግም በጭንቅላቱ ይወልቃል። ሱቅ ሄዳችሁ «ለትንሽ ውሻ» ብትሉ የሚሰጧችሁ ለፑድል የተሠራውን ነው። ዳክስሁንድ ደረቱ ጥልቅ ስለሆነ ከክንዱ ኋላ ዙሪያውን በሜትር ለክታችሁ ሂዱ። ተለብሶ ሁለት ጣት ማስገባት አለበት፣ ሦስት ካስገባ ሰፍቷል።

መልስ 4

መልስ 1 ትክክል ነው፤ ግን «አይፈታም» ብሎ ሥልጠናውን መተው አደጋ ነው። ገመድ ይበጠሳል፣ በር ክፍት ይረሳል። ያን ቀን የሚያድነው ሲጠሩት መምጣትን መልመዱ ነው።

«ና» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ፤ ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ በሙሉ «ና» ይባባላል፣ ለውሻው ትርጉሙን አጥቷል። በቤት ውስጥ የማይነገር አንድ ቃል ምረጡ። ፊሽካ የምትመርጡ ከሆነ ውስጡ ኳስ ያለው አይሁን፣ እሱ የትራፊክ ፖሊሱና የፓርኪንግ ሠራተኛው ድምፅ ነው። ቀጥ ያለ አንድ ድምፅ ያለውን ውሰዱ፣ ሁለት አጭር ንፉ።

ጉርሻው የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ ይሁን፣ የሽምብራ ፍሬ እያከለ የተቆረጠ። ጥሬውን ፈጽሞ አትስጡ፤ የበግና የከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ያለው የውሃ ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሉት። ሁዳዴ ሲገባ ብዙ ሉካንዳ ስለሚዘጋ ቀድማችሁ ቀቅላችሁ በትንንሽ ፌስታል አቀዝቅዙ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ 2 ሳምንት ቤት ውስጥ ከ2 ሜትር ርቀት፣ ጠዋት 5 ጊዜ ማታ 5 ጊዜ። ከዚያ ግቢ ውስጥ። ከዚያ ውጭ በ5 ሜትር ገመድ፣ መጨረሻ በ10። ከ10 ጥሪ 9ኙን በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልዞረ ወደሚቀጥለው አትለፉ። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩ፤ ካልመጣ ገመዱን ይዛችሁ ሂዱበት። ለማጠብ፣ ጥፍር ለመቁረጥ፣ ወደ ቤት ለመመለስ በዚያ ቃል አትጥሩት። ካመለጠ ደግሞ አታሳድዱት፣ ማሳደድ ለእሱ ጨዋታ ነው። ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሩጡ፣ ከዚያ ቁጢጥ በሉ።

አሠልጣኝ ስትመርጡ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ውሻውን ወስዶ አንድ ወር አቆይቶ የሚመልስ፤ ብዙዎቹ የጥበቃ ውሻ ያሠለጠኑ ናቸው፣ ለሼፐርድ ሊያዋጣ ይችላል። ሲጠሩት መምጣትን ለማስተማር ግን አያዋጣም፣ ውሻው የሚለምደው የአሠልጣኙን ድምፅ ነው። ሁለተኛው ቤት እየመጣ በሰዓት የሚከፈለውና ባለቤቱን የሚያሠለጥነው ነው፤ እሱን ውሰዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆማችሁ እዩ። የሚያንቅ ሰንሰለት፣ የኤሌክትሪክ ኮላር ወይም ጅራፍ ካወጣ አመስግናችሁ አሰናብቱት። የተመታ ዳክስሁንድ አይታዘዝም፤ ሲጠሩት ከእጅ ርቆ መቆምን ይማራል።

ውሻ የሚያንሸራሽሩ ልጆች ከቀጠራችሁ ሁለት ነገር ተዋዋሉ፦ በአንድ ጊዜ ከ2 ውሻ በላይ እንዳይዙ፣ መንጠቆውን ከቤት ውጭ ለምንም ምክንያት እንዳይፈቱ።

መልስ 5

ከሕክምናው በኩል ልጨምር።

የዳክስሁንድ ችግር ወገቡ ነው። በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ በወጣትነቱ ይደርቅና ይጠነክራል፤ አንድ ዝላይ ወይም አንድ ንጥረት ሲያገኘው ፈንድቶ ነርቩን ይጫናል። ከአራት አንዱ ገደማ በዕድሜው ይህ ይደርስበታል። ምልክቱ ጀርባውን ማጉበጥ፣ ደረጃ እምቢ ማለት፣ ሲያነሱት መጮህ፣ ከዚያ የኋላ እግሩን መጎተት ነው። እግሩን መጎተት ከጀመረ ነገ አትበሉ፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። አታስኪዱት፤ አንድ እጅ ከደረቱ፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር አድርጋችሁ ጀርባውን ቀጥ አድርጋችሁ ተሸከሙት። ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ሆዱን ያደማሉ ወይም ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳሉ።

ክሊኒክ ስትመርጡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ራጅ እዚያው አለ? መብራት ሲጠፋ የክትባት ፍሪጁ በምን ይሠራል (ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት)? የክትባቱን የባች ቁጥር ካርዱ ላይ ይለጥፉላችኋል? ሦስቱንም ያሟላ ከቤታችሁ ቢርቅም ይሻላል። ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወሩ ላይ ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ። የጎዳና ውሾች መንጋ ቢገጥማችሁ ዳክስሁንድ ቁመቱን አያውቅም፣ ይጋፈጣል። ገመዱን አሳጥሩ፣ ድንጋይ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ፤ የአዲስ አበባ ውሻ ያንን እንቅስቃሴ ያውቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያፈገፍጋል። ክረምት ላይ ጥላ ፊት ለፊታቸው መክፈትም ይሠራል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው።

የአይጥ መርዝም አለ፤ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ግድግዳ ሥር ያስቀምጣሉ፣ የዳክስሁንድ አፍንጫ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ምልክቱ ከ3 እስከ 5 ቀን ይዘገያል፣ ስለዚህ ሲበላ ካያችሁ ደህና መስሎ አያታልላችሁ። እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ።

ጠያቂ

ገመድና ሜዳ ይዘናል፣ እናመሰግናለን። ቢጠፋ ግን በምን እናገኘዋለን? ጂፒኤስ ይሻላል ወይስ ኤርታግ?

መልስ 3

ኤርታግ የራሱ ጂፒኤስ የለውም፣ በአጠገቡ አይፎን የያዘ ሰው ሲያልፍ ብቻ ነው ቦታውን የሚልከው። ቦሌ ጎዳና ላይ ሊረዳ ይችላል፣ ወንዝ ዳር ወይም ጉራንጉር ውስጥ ዝም ይላል። ጂፒኤስ ከገዛችሁ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሚቀበል ይሁን፣ ክብደቱም ከ35 ግራም አይብለጥ፤ ባትሪውን በየማታው ሞሉ።

ከሁለቱም በፊት ግን የናስ ሰሌዳ። ቁልፍ ቀራጭ ወይም ማኅተም ቀራጭ በደቂቃዎች ይቀርጽላችኋል፦ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ «ክትባት አለው፣ እባክዎ ይደውሉ»። የውሻውን ስም አትጻፉ፣ ስሙን ያወቀ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ሊጠራው ይችላል። ሰሌዳውን አንገቱ ላይ ባለው ቀጭን ኮላር እሰሩት እንጂ የደረት ማሰሪያው ላይ አይሁን፤ ቤት ስትገቡ የደረት ማሰሪያው ይወልቃል፣ በሩ የሚከፈተው ደግሞ ያኔ ነው።