እናቴን ከፋሲካ ወዲህ ሆዷን ነፍቷታል፤ ዛሬ ማታ ምን ልስጣት?

የልደታ ልጅ (ጠያቂ)፦
እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ሁዳዴን እንደ ወትሮዋ ጾማ ፈሰከች፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ግን ሆዷን ነፍቷት እህል አስጠልቷታል፣ ከተጸዳዳችም ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ጨጓራዋ ነው ብለን ነጭ ሽንኩርት በማር ብንሰጣት ይባስ አቃጠላት። «ኪኒን ሆዴን ጨረሰው» እያለች ሐኪም ቤት መሄድ አሻፈረኝ ስላለች፣ የምትቀበለው የተፈጥሮ ነገር ብቻ ነው። ተልባ፣ አብሽና ዝንጅብል ቤት ውስጥ አለ፤ ፕሮባዮቲክ የሚባለውንም (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ያሉበትን) ፋርማሲ አይቻለሁ፣ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። የትኛውን፣ በምን ያህል መጠን ልስጣት? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጓሮ ጎመን፦
ተልባውን አመስ አድርገሽ ውቀጪው፣ በለብ ያለ ውኃ በጥብጠሽ በማር ስጫቸው። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ሊቀ ዕፅዋት፦
እህታችን፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል። አባቶቻችን ሆዳቸውን በየጊዜው በኮሶ የሚያጥቡት በከንቱ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን መጥቶ ዛፉን አይቶ ጽፎለታል፤ ከዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ የአውሮፓን መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ይዞ ነበር። እኛ ግን የእጃችንን ወርቅ ጥለን የፈረንጅ ብልቃጥ እናሳድዳለን። እናትሽ በበዓሉ ጥሬ ሥጋ ቀምሰው ከሆነ ኮሶ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ነርስ ነኝ ከጅማ፦
ሊቀ ዕፅዋት፣ ታሪኩ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። ኮሶ የሚገድለው የኮሶ ትልን ነው። በበዓሉ ሥጋ የገባ ትል ደግሞ አድጎ ለመታየት ሁለት ሦስት ወር ስለሚፈጅበት ለዚህ ሳምንት ሕመም ሊከሰስ አይችልም። መጠኑ ያለፈ ኮሶ ዓይን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል፤ ለትሉም ቢሆን ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ።
የልደታ ልጅ፣ መጀመሪያ እነዚህን መልሺልኝ። እናትሽ ያስመልሳቸዋል? አየር ይወጣቸዋል? ሆዳቸው ሲነካ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል? ትኩሳትስ አላቸው? ደግሞም «ኪኒን ሆዴን ጨረሰው» ያሉት የትኛውን ኪኒን ነው?

ዘጠኝ ሰዓት፦
ዶሮዋ የገባችው በአሥራ ሁለት ብልት ስለሆነ ለመውጣት መጀመሪያ ስብሰባ መቀመጥ ይኖርባታል።

አስተያየት አለኝ፦
እኔ «ጨጓራ» በሚለው ላይ አልስማማም። በአገራችን ከደረት በታች የታመመ ሁሉ ጨጓራ ይባልና በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት ይታዘዝለታል። እሳቸውን የያዛቸው የሆድ ድርቀት ነው። 55 ቀን ሙሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ጎመን ሲመገብ የኖረ አንጀት በአንድ ሌሊት ወደ ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ሲዞር ሰገራን የሚያለሰልሰው አሠር በእጅጉ ይቀንስበታል። በየፋሲካው ይህን የሚያማርር ሰው ቤታችን አይጠፋም። ከዶሮው ጎን ጎመን ይቅረብላቸው፤ ጠዋት ፓፓያ ይብሉ፤ ውኃም ይጠጡ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ እዚህ አሜሪካ ለድርቀት ማግኒዥየም ሲትሬት የሚባል ማስቀመጫ እንወስዳለን፤ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ እልክልሻለሁ።

ነርስ ነኝ ከጅማ፦
ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዥየም ሊጠራቀምበት ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ ኩላሊታቸው ሳይታወቅ አይሰጥም።

የጓሮ ጎመን፦
ተልባ ብያለሁ።

የልደታ ልጅ (ጠያቂ)፦
አላስመለሳትም፣ ትኩሳትም የላትም፤ አየር ይወጣታል፤ ሆዷ ተነፍቷል እንጂ አልጠነከረም። መድኃኒት አትወስድም፤ ያለው በጾሙ መካከል ለደም ማነስ የተሰጣት የብረት ኪኒንና ለአጥንቷ የምትውጠው ካልሲየም ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ ቫይታሚን ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰገራዋ ጠቁሮ ስለነበር እሱም አስፈርቶናል።

ፋርማሲስቱ፦
መልሱ እዚሁ ላይ ነው። ብረትም ካልሲየምም ሆድ ያደርቃሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙና የበዓሉ ምግብ ሲታከልበት አራት ቀን መቆየቱ አይገርምም። እናትሽ «ኪኒን ሆዴን ጨረሰው» ያሉትን አልሰማችኋቸውም እንጂ ነግረዋችሁ ነበር።
ብረቱን በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ነገ ያዘዘላቸውን ሐኪም ጠይቁ። አንዱን ኪኒን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ለብዙ ሰው ሆድን ሳያውክ በቂ ብረት እንደሚሰጥ ታይቷል፤ ቢሆንም ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ኪኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አይውሰዱት፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉና።
ስለ ጥቁረቱ፣ ብረት የሚወስድ ሰው ሰገራው መጥቆሩ የተለመደ ነው። ነገር ግን እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ወይም ቀይ ደም ከታየበት፣ ወይም ሲነሡ ካዞራቸው፣ ይህ የመድማት ምልክት ስለሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው። አየር መውጣቱ ከቆመና ማስመለስ ከጀመራቸውም እንደዚሁ ነው።
ተልባ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ውኃ ይዞ ሰገራውን በማለስለስ ስለሆነ ለዛሬ ማታ አይደርስም፣ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ ስጫቸው፤ በላዩም ሌላ ብርጭቆ ውኃ ይጠጡበት። በደረቁ ወይም በጥቂት ውኃ የተወሰደ ተልባ ድርቀቱን ያብሳል። ከኪኒኖቹም ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ።
ዛሬ እንዲቀላቸው ከፈለግሽ ግሊሰሪን ሳፖዚቶሪ ግዢላቸው፤ በታች የሚገባ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። እሱን እምቢ ካሉ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ አለ፤ ጣፋጭ ስለሆነ ኪኒን አይመስላቸውም፤ እሱም ግን አንድ ሁለት ቀን ስለሚፈልግ ለዛሬ አይደርስም፤ የስኳር በሽታ ካለባቸው ግን ቀድመሽ ንገሪን። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ያስታግሳል እንጂ ድርቀት አይፈታም። ለፕሮባዮቲኩም ገንዘብሽን አታውጪ፤ እርጎ ከተስማማቸው እርጎ ይበሉ።

ሊቀ ዕፅዋት፦
ሰናመኪም የተፈጥሮ ቅጠል እንደሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ሰናመኪ በትክክል ይሠራል፤ ማታ የወሰደ ጠዋት ያየዋል። ግን ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ቁርጠትም ያመጣል።

ነርስ ነኝ ከጅማ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ63 ዓመት የወር አበባ የለም፤ ስለዚህ ደማቸው ለምን አነሰ? ብረቱን ያዘዘው ሐኪም ምክንያቱን ፈልጓል? ካልፈለገ የሰገራ ምርመራና እንደ አስፈላጊነቱ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ውስጥን ማየት) ይጠየቅ፤ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል። ሆዳቸው ዛሬ ቢለቃቸውም ይህን አትተዪው።

አስተያየት አለኝ፦
የልደታ ልጅ፣ ሳፖዚቶሪውን አገኘሽው? እናትሽ እንዴት አደሩ?

የጓሮ ጎመን፦
ተልባውን ሰጥታቸው ተሽሏቸው ይሆናል።

የአራዳ ሰው፦
በዚሁ አጋጣሚ፣ አባቴም ያንኑ የብረት ኪኒን ጀምሯል፤ በወተት ነው የሚውጠው። ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦
አለው። በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ብረቱን ያስቀርበታል፤ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፣ ወተቱን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠጡ።